በቤት ማከፋፈያ ሳጥን ዘንድ የኤሌክትሪክ ሽቦን ስለ መቀጠልና ስለ ማገናኘት

የትምህርቱ ምክንያት

የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ባላገሩ ቤት በገባ ጊዜ ብዙ ጥቅም ይዞ ይገባል። ሌሊቱን ያበራል፤ እህል ይፈጫል፤ እንጀራ ይጋግራል፤ ውሃም ከጕድጓድ ያወጣል። ነገር ግን እሳት በምድጃው ውስጥ ሳለ እንጀራ እንዲጋግር፤ ከምድጃው ከወጣ ግን ቤት እንዲያቃጥል፤ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሽቦው ነው። ሽቦው ደኅና ሆኖ ሳለ ኃይሉ ከመንገዱ አይወጣም። ምድጃው የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ ከሽቦ በተጋጠመበት ስፍራ ነው።

ሽቦን መቀጠል ስለ ምን ያስፈልጋል ቢሉ፤ ቤት እንደ ተሠራ አይኖርምና ነው። ልጅ ሲያድግ ክፍል ይጨመራል፤ ጓዳው ይሰፋል፤ ዝናብ የሚያፈስበት ግድግዳ ይፈርሳል። በዚያም ግድግዳ ላይ የነበረው የብሬከር ሳጥን ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል። ያን ጊዜ ከየክፍሉ የሚመጡት ሽቦዎች ከአዲሱ ሳጥን ሳይደርሱ በስንዝር ወይም በክንድ ያጥራሉ። የቤቱም ሰው «ጥቂት ሽቦ ቀጥልበትና ጨርሰው» ይላል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤቱ ኃይል ሁሉ በዚያ ስንዝር በምታህል ቅጥል ያልፋልና ትንሽ አይደለም።

ይህ ትምህርት የተጻፈው ተማሪው ሳጥን ከፍቶ ሽቦ እንዲነካ አይደለም። የተሠራውን ሥራ አይቶ ደጉን ከክፉው እንዲለይ፤ ለወላጆቹም እንዲያስረዳ ነው። ሽቦውን የሚቀጥለው ሙያውን የተማረና ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ነው።

1ኛ. ኮረንቲ ከምሰሶ እስከ አምፖል የሚሄድበት መንገድ

ኃይሉ በመንገድ ዳር ከቆመው ምሰሶ ተነሥቶ ወደ ቆጣሪው ይመጣል። ከቆጣሪው ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ይገባል። በሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ ዋናው ብሬከር፤ ከእርሱም በታች ትንንሾቹ ብሬከሮች በተርታ ይቆማሉ። አንዱ ለአምፖሎች፤ አንዱ ለሶኬቶች፤ አንዱ ለምጣድ ይሆናል። ይህም ወንዝ ወደ ዋናው ቦይ ገብቶ፤ ከዋናውም ቦይ ወደየእርሻው እንደሚከፋፈል ያለ ነው።

በኢትዮጵያ ለቤት የሚሰጠው ኮረንቲ ግፊቱ 220 ቮልት ነው። ወደየክፍሉም የሚሄዱት ሽቦዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ኃይሉን የሚያመጣው ፌዝ ነው። ሁለተኛው ኃይሉ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚመለስበት ኒውትራል ነው። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው፤ እርሱም ፌዙ በስሕተት የዕቃውን ብረት የነካ እንደ ሆነ ኃይሉን ወደ መሬት መርቶ ሰውን የሚጠብቅ ነው። ሦስቱም የሚቀጠሉት እያንዳንዱ ከመሰሉ ጋር ነው እንጂ አንዱ በሌላው አይተካም። ሁለቱን ቀጥሎ የመሬቱን ሽቦ «አያስፈልግም» ብሎ መተው ትልቅ በደል ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ ዕቃው እንደ ወትሮው ሲሠራ ይታያልና ጕድለቱ ሰው እስኪመታ ድረስ አይታወቅም።

2ኛ. መጋጠሚያ ስለ ምን ይግላል

ውሃ በጠበበ ቦይ ሲያልፍ እንደሚታገል፤ ኮረንቲም በሽቦ ሲያልፍ እንቅፋት ያገኘዋል። የዚህን እንቅፋት ሕግ የጀርመን አገር ሊቅ ጌዎርግ ኦም እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ዓመት ጽፎ አስታወቀ። መለኪያውም በስሙ ኦም ተባለ። ከእርሱ በኋላ የእንግሊዝ አገር ሊቅ ጄምስ ጁል በ1841 ዓመት ኮረንቲ እንቅፋት ባገኘ ጊዜ ሙቀት እንደሚወልድ፤ ልኩም እንዴት እንደሚቆጠር አሳየ። ሕጉም ይህ ነው፤ የኮረንቲው ብዛት በራሱ ይባዛል፤ የተገኘውም በእንቅፋቱ ይባዛል። እንግዲህ ኮረንቲው ሁለት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ምሳሌ። 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ኮረንቲ ይስባል። 16 በራሱ ሲባዛ 256 ይሆናል። ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ10 ሜትር ርዝመት ውስጥ ያለው እንቅፋት 0.07 ኦም ያህል ነው። ስለዚህ በ10 ሜትር ውስጥ የሚወለደው ሙቀት 18 ዋት ያህል ነው፤ ለአንድ ሜትር ሁለት ዋት እንኳ አይደርሰውም። ይህ ሙቀት በረጅም ሽቦ ላይ ተበትኖ ወደ አየር ይሄዳል፤ ጕዳትም አያደርስም።

አሁን ደግሞ በዚህ ሽቦ መካከል በእጅ ብቻ ተጠምዝዞ የላላ መጋጠሚያ አለ እንበል። እንቅፋቱም 0.2 ኦም ይሁን። 256 በ0.2 ሲባዛ 51 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወለደው በ10 ሜትር ላይ ሳይሆን ጥፍር በምታህል ስፍራ ነው። ይህን ያህል ኃይል ያለው የብየዳ ካውያ ቆርቆሮን ያቀልጣል። የሽቦው የፕላስቲክ ልብስ ግን በተለመደው ዓይነት ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ዘወትር ሊችል አይገባውም። እንግዲህ መጋጠሚያው በጣራ እንጨት አጠገብ ወይም በጭቃና በጭድ ግድግዳ ውስጥ ተሸሽጎ ቢሆን ምን እንደሚከተል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

3ኛ. ብሬከሩ የማያየው እሳት

ብዙ ሰዎች «ሽቦው ቢግል ብሬከሩ ይቆርጠዋል» ብለው ይተማመናሉ። ይህ እምነት ግማሹ እውነት ግማሹ ስሕተት ነው። ብሬከር የሚያየው በእርሱ በኩል የሚያልፈውን የኮረንቲ ብዛት ነው። ፌዝ ከኒውትራል ጋር በቀጥታ ቢነካካ፤ ወይም በአንድ መሥመር ላይ ብዙ ዕቃ ቢጫን፤ ኮረንቲው ከልክ ያልፋልና ብሬከሩ ይቆርጣል። በላላ መጋጠሚያ ዘንድ ግን ኮረንቲው አይጨምርም፤ እንዲያውም እንቅፋት ስለ ተጨመረበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ 15.9 አምፔር የነበረው ወደ 15.7 ይወርዳል። ምጣዱም እንደ ወትሮው ይግላል፤ እንጀራውም ይበስላል። ብሬከሩ ሰላም ነው ብሎ ዝም ይላል፤ መጋጠሚያው ግን በስውር ይነዳል።

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነው። ክፉ መጋጠሚያ ጠባቂ የሌለው ነው። ጠባቂው የሠራተኛው እጅ ነው፤ ከሠራተኛውም በኋላ የቤቱ ሰው ዓይን ነው።

ክፉ መጋጠሚያ በኒውትራሉ ሽቦ ላይ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ኒውትራሉ ተቃጥሎ ቢበጠስ አምፖሉ ይጠፋል። ሰውም «ኃይል የለም» ብሎ ሽቦውን ይነካል። ነገር ግን ፌዙ እስከ አምፖሉ ድረስ ሕያው ነው፤ በአምፖሉም በኩል አልፎ የተበጠሰውን ጫፍ ሕያው ያደርገዋል። ስለዚህ አምፖል ጠፋ ማለት ሽቦ ሞተ ማለት አይደለም።

4ኛ. የመልካም መጋጠሚያ ሦስት ሕጎች

የፊተኛው ሕግ፤ መጋጠሚያው እንደ ሽቦው ያህል ኮረንቲ ያለ እንቅፋት ማሳለፍ አለበት። ይህም የሚሆነው መዳብ ከመዳብ ጋር ጠርቶና ጠብቆ ሲገናኝ ነው።

ሁለተኛው ሕግ፤ መጋጠሚያው ሲሳብ መውለቅ የለበትም። ገበሬ ምራን ሲበጠስበት የሚቀጥለው በሬው ሲስብ እንዳይፈታ አድርጎ ነው። የሽቦም ነገር እንዲሁ ነው። ነገር ግን ምራን ሲፈታ እርሻ ይቆማል፤ ሽቦ ሲፈታ ቤት ይቃጠላል።

ሦስተኛው ሕግ፤ መጋጠሚያው እንደ ሽቦው ሁሉ የተሸፈነ፤ ደግሞም ክዳኑ ሲከፈት የሚታይ መሆን አለበት። በምርጊት ውስጥ የተቀበረ፤ በቱቦ መካከል የተሸሸገ መጋጠሚያ ቢሞቅ ማንም አያየውም። ስለዚህ መጋጠሚያ ሁሉ በሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ሳጥኑም ክዳን ይኑረው፤ ክዳኑም በምርጊት አይደፈን።

5ኛ. ከሥራው በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ከቆጣሪው በፊት ያለው ሽቦ፤ ቆጣሪውም፤ በቆጣሪው ላይ ያለውም ማኅተም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቤቱ ሠራተኛ በዚያ ወገን እጁን አይዘረጋም። ዋናው ብሬከር ቢዘጋ እንኳ ወደ እርሱ የሚገባው ሽቦ ሕያው ሆኖ ይቀራልና። ሳጥኑ ሲዛወር ያን ሽቦ መንካት የግድ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለአገልግሎቱ ማመልከት ይገባል።

ከቆጣሪው ወዲህ ላለው ሥራ ሠራተኛው ዋናውን ብሬከር ይዘጋል። ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይከፍተውም ይቈልፈዋል፤ ወይም ጠባቂ ያቆምበታል። ከዚህ በኋላ በመፈተኛ ሦስት ጊዜ ይፈትናል። መጀመሪያ ሕያው መሆኑ በታወቀ ሶኬት ላይ መፈተኛው መሥራቱን ያያል፤ ሁለተኛ ሊነካው ያሰበውን ሽቦ ይፈትናል፤ ሦስተኛ መፈተኛው በመካከሉ አለመበላሸቱን ለማወቅ ወደ ሕያው ስፍራ ተመልሶ ይፈትናል። በሁለተኛው ብቻ የሚታመን ሰው የሞተው መፈተኛው ይሁን ሽቦው አያውቅም።

በአንዳንድ ስፍራ ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ «አሁን ደኅና ነው» ብሎ ሳጥን ይከፍታል። ይህ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። የሄደው መብራት ሲመለስ «መጣሁ» ብሎ አይናገርም። የሰውን ልብ ለማስቆም ብዙ አያስፈልግም፤ ከአንድ አምፔር መቶኛ እጅ ጥቂቱ፤ ማለት ከ30 ሚሊ አምፔር የሚበልጥ ኮረንቲ በደረት ካለፈ ሊገድል ይችላል። ትንሹ የቤት ብሬከር ግን የሚቆርጠው ብዙ አምፔር ሲያልፍ ነውና ሰውን አያድንም። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ወደ መሬት የሚያመልጠውን ኮረንቲ በ30 ሚሊ አምፔር ልክ የሚቆርጥ ልዩ ብሬከር ማግባት የሚጠቅም ነገር ነው።

ሽቦዎቹም ከአሮጌው ሳጥን ሳይነቀሉ በፊት በእያንዳንዱ ላይ የሚሄድበት ክፍል ይጻፍበት፤ «የመኝታ ቤት አምፖል»፤ «የጓዳ ሶኬት»፤ «ምጣድ» እየተባለ። እያንዳንዱም ፌዝ ከራሱ ኒውትራል ጋር በአንድነት ይታሰር። የሁለት መሥመር ኒውትራል የተቀላቀለ እንደ ሆነ አንዱን ብሬከር ዘግቶ የሚሠራ ሰው በሌላው መሥመር ኮረንቲ ሊመታ ይችላል። በቀለም ብቻ መታመን አይገባም። በአዲሱ ሥርዓት ፌዝ ቡናማ፤ ኒውትራል ሰማያዊ፤ የመሬት ሽቦ አረንጓዴና ቢጫ ነው። በአሮጌ ቤት ግን ቀይና ጥቁር፤ ወይም ሠራተኛው ያገኘው ቀለም ሁሉ ይገኛልና።

6ኛ. ያጠረውን ሽቦ የመቀጠያ መንገዶች

ከሁሉ የሚሻለው አለመቀጠል ነው። አሮጌውን ሽቦ ከቱቦው ስቦ አውጥቶ፤ ከክፍሉ እስከ አዲሱ ሳጥን የሚደርስ አንድ ወጥ ሽቦ ማግባት ነው። መጋጠሚያ የሌለው ሽቦ የሚላላ ነገር የለውም።

ይህ ባይቻል አሮጌው ሳጥን በነበረበት ስፍራ ይቀመጣል፤ ብሬከሮቹ ወጥተው የመጋጠሚያ ሳጥን ይሆናል። ከእርሱ እስከ አዲሱ ሳጥን አዲስ ሽቦ ይዘረጋል። ክዳኑ ይዘጋል እንጂ አይለሰንም።

ሽቦዎቹ የሚያጥሩት በጥቂት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ስፍራ ቢኖር በዚያው በማያያዣ ይቀጠላሉ።

የሚጨመረው ሽቦ ውፍረቱ ከፊተኛው ማነስ የለበትም። አንድ መሥመር የሚችለው ኃይል እጅግ ቀጭን የሆነው ክፍሉ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ መካከል አንድ ክንድ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቢገባ መሥመሩ ሁሉ እንደ 1.5 ይቈጠራል። ብሬከሩም ለዚያ ቀጭን ሽቦ የሚሆን መሆን አለበት። በተለመደው የቤት ሥራ ለመዳብ ሽቦ የሚሆነው ብሬከር እንደዚህ ነው፤

1.5 ካሬ ሚሊሜትር፤ ለአምፖል፤ 10 አምፔር።
2.5 ካሬ ሚሊሜትር፤ ለሶኬት፤ 16 አምፔር።
4 ካሬ ሚሊሜትር፤ ለምጣድ ብቻውን፤ 20 ወይም 25 አምፔር።
6 ካሬ ሚሊሜትር፤ 32 አምፔር።

ብዙ ሽቦዎች በአንድ ቱቦ ተጨናንቀው የሚሄዱ ከሆነ ግን ሙቀታቸው ስለማይወጣ የሚችሉት ኃይል ይቀንሳል። ብሬከር አዘውትሮ ሲቆርጥ ሽቦውን ሳይለውጡ ትልቅ ብሬከር ማግባት ደግሞ ዘበኛው ጮኸ ብሎ ዘበኛውን እንደ ማባረር ነው።

7ኛ. መጋጠሚያው እንዴት ይሠራል

ሠራተኛው የሽቦውን ልብስ ማያያዣው በሚጠይቀው ልክ ይገፍፋል። ቢበዛ መዳቡ ከማያያዣው ውጭ ተራቁቶ ይታያል፤ ቢያንስ ቪቲው ፕላስቲኩን ይነክሳል እንጂ መዳቡን አይነክስም። ሲገፍፍም መዳቡን በቢላዋ እንዳይቆርጠው ይጠንቀቅ፤ የተቆረጠ መዳብ በዚያ ስፍራ ይቀጥናልና ይሰበራል። ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ከሆነ አንዱም ክር ከውጭ መቅረት የለበትም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ክሮቹም ኃይሉን የሚሸከሙት ሁሉም ባንድነት ሲገቡ ነው። ቪቲው ክሮቹን እንዳይበትናቸው ጫፋቸው ትንሽ የብረት እጅጌ ለብሶ በመጭመቂያ ይጨመቃል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ለውፍረታቸው በተሠራ ማያያዣ ውስጥ ገብተው ይጠብቃሉ። እያንዳንዱም ሽቦ ለብቻው በእጅ ይሳባል፤ የወለቀ ወይም የተነቃነቀ ቢኖር እንደገና ይሠራል። ሁለት ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ የኤሌክትሪክ ፕላስተር መጠምጠም ብቻውን መጋጠሚያ አይባልም። ፕላስተር ልብስ ነው እንጂ ጅማት አይደለም። መዳቡ በየቀኑ ሲሞቅና ሲበርድ ጥምዝዙ ይላላል፤ የፕላስተሩም ሙጫ በሙቀት ይደርቅና ይለቃል።

የመዳብ ሽቦን ከአሉሚኒየም ሽቦ ጋር በቀጥታ መጠምዘዝ ከሁሉ የከፋ ነው። የአሉሚኒየም ፊት በአየር ወዲያው ኮረንቲ የማያሳልፍ ቅርፊት ያወጣል። በሙቀትም ከመዳብ ይልቅ ሲሶ ያህል አብልጦ ይለጠጣልና ይላላል። እርጥበት ካገኛቸውም ሁለቱ ብረቶች ተነካክተው አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ልዩ ማያያዣ ያስፈልጋል።

8ኛ. የታመመ መጋጠሚያ ምልክቶች

ሥራው ካለቀ በኋላም የቤቱ ሰው እነዚህን ይመልከት። ምጣድ ሲለኮስ አምፖል የሚደክም ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፤ ከሳጥኑ የሚጤስ ፕላስቲክ ወይም የዓሣ የመሰለ ሽታ ከመጣ፤ ሲርርር የሚል ድምፅ ከተሰማ፤ የሳጥኑ ክዳን ከሞቀ ወይም ወደ ቡናማ ከተለወጠ፤ መጋጠሚያው ታሟል። ያን ጊዜ ክዳኑን ሳይከፍቱ ዋናውን ብሬከር መዝጋት፤ ሠራተኛም መጥራት ይገባል። እሳት ቢነሣ በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውሃ አይፈስም፤ ውሃው ኮረንቲውን ወደ ሰው ያመጣዋልና። አስቀድሞ ኃይሉ ይቆረጣል። ሳጥኑ ራሱ እየነደደ ስለሆነ መቁረጥ ያልተቻለ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፤ ለመብራት ኃይል ሠራተኞችም ይነገር።

ቤት የሚሠራ ሰው ለበሩ፤ ለመስኮቱ፤ ለቀለሙ ይጨነቃል፤ ዓይን ያየዋልና። መጋጠሚያው ግን በክዳን ውስጥ ነው፤ የሚያመሰግነውም የለም። ነገር ግን ልጆች ሌሊት በሰላም የሚተኙት በእርሱ ነውና ለማያያዣውና ለሠራተኛው የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ኪሳራ ሊቈጠር አይገባም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በላላ መጋጠሚያ ዘንድ ብሬከሩ ስለ ምን አይቆርጥም?
2. 10 አምፔር ኮረንቲ 0.2 ኦም እንቅፋት ባለው መጋጠሚያ ሲያልፍ ስንት ዋት ሙቀት ይወለዳል? ኮረንቲው 20 አምፔር ቢሆንስ?
3. የመልካም መጋጠሚያ ሦስት ሕጎች ምንና ምን ናቸው?
4. መፈተኛውን ሦስት ጊዜ መጠቀም ስለ ምን ያስፈልጋል?
5. አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ሽቦው ሕያው ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው?
6. በቤትህ ወይም በቤትሽ ያለውን የብሬከር ሳጥን ሳትነኩ ከሩቅ ተመልከቱ። ክዳን አለውን? ቀለሙ ተለውጧልን? ያያችሁትን ለወላጆቻችሁ ንገሩ።